ካምቢዮው ከመፈታቱ በፊት፦ እየመጣ የሚሄድ የአውቶማቲክ ማርሽ ብልሽትን ስለመመርመር

ክቡራትና ክቡራን፣ የሙያ ባልደረቦቼ፣ በሥልጠና ላይ የምትገኙ ወጣቶች፤ ንግግሬን ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደ ጋራዣችን በመጣች አንዲት የቤት መኪና እጀምራለሁ። ባለቤቷ በዕድሜ የገፉ እናት ነበሩ። «ልጄ፣ ብቻዬን ስነዳት ደህና ናት፤ እሁድ ልጆቼን ይዤ እንጦጦ ስወጣ ግን ትከዳኛለች» አሉኝ። አቀበቱ መካከል ላይ መኪናዋ በድንገት ትደነግጣለች፣ ከዚያ በኋላ ማርሽ መቀየር ታቆማለች፣ ሞተሩ ይጮኻል፣ ጉልበቷ ይጠፋል። ዳር ይዘው ሞተሩን አጥፍተው ሲያስነሱት ሁሉም ነገር ወደ ቀድሞው ይመለሳል። እኔ ጋ ከመምጣታቸው በፊት ሁለት ጋራዥ አዳርሰዋል። የመጀመሪያው ሜዳ ላይ ነድቷት «ምንም የለባትም» ብሎ መለሳቸው። ሁለተኛው ካምቢዮውን (የማርሽ ሳጥኑን) አውርዶ ከሶማሌ ተራ በተገዛ ያገለገለ ካምቢዮ ቀየረላቸው። በቀጣዩ እሁድ መኪናዋ እዚያው አቀበት ላይ ያንኑ ጠባይዋን አሳየች።

ሁለቱም ጋራዦች ያደረጉትን እኔም በሥራ ጀማሪነቴ አድርጌዋለሁ። ብልሽቱ ሁልጊዜ የሚታይ ሲሆን፣ ለምሳሌ መኪናው ወደ ኋላ ጨርሶ አልሄድ ሲል፣ መንገዳችን ግልጽ ነው፤ በሽታው ፊታችን ተቀምጦ ይጠብቀናል። እየመጣ የሚሄደው ብልሽት ግን ደንበኛው ሲነዳ ይታይና ጋራዥ ሲደርስ ይሰወራል፤ ባለሙያውም በዚህ ጊዜ ደንበኛውን ላለማመን ወይም ካምቢዮውን ለመፍታት ይቸኩላል። መፍታት ደግሞ ከገንዘቡ ሌላ አንድ ትልቅ ጉዳት አለው። ካምቢዮ ሲወርድ ሶኬቶች ይነቀላሉ፣ ማሳ (ኤሌክትሪኩ በመኪናው አካል በኩል ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ የሚመለስበትን መስመር) የሚያስሩ ብሎኖች ይፈታሉ፣ ዘይቱ ይፈሳል፣ የኮምፒውተሩ ማኅደረ ትውስታ ባትሪ ሲነቀል ይጠፋል። ብልሽቱን ሊያሳዩን ይችሉ የነበሩ ምልክቶች ሁሉ በገዛ እጃችን ይሰረዛሉ። ስለዚህ ዛሬ የማስረዳው አንድ ነገር ነው፤ እንዲህ ባለው ብልሽት ፊት «ምኑ ነው የተበላሸው?» ከማለታችን በፊት «መቼ ነው የሚበላሸው?» የሚለውን እስከ መጨረሻው መመለስ አለብን። የነዳጅ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተነገረ ወዲህ በእጃችን ያሉት አውቶማቲክ መኪኖች ለብዙ ዓመታት አብረውን እንደሚቆዩ ግልጽ ስለሆነ፣ ያለ ምርመራ የሚፈታ እያንዳንዱ ካምቢዮ ያሳዝነኛል።

የአሠራሩን ነገር ለወጣቶቹ ስል ባጭሩ ላስታውስ። በአውቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ ማርሽ የሚቀየረው በዘይት ግፊት ነው። ፓምፑ ዘይቱን ይገፋል፤ ቫልቭ ቦዲ የምንለው፣ ቦይ የበዛበት የአሉሚኒየም ክፍል፣ ያንን ግፊት ወደሚፈለገው ክላች ይመራዋል፤ ክላቹ ሲጨመቅ ማርሹ ይያዛል። ቦዩን የሚከፍቱና የሚዘጉት ሶሌኖይዶች በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ሲሆኑ፣ ትዕዛዝ የሚያገኙት ከኮምፒውተር ነው። ኮምፒውተሩም የሚያዝዘው ዳሳሾች በሚነግሩት መሠረት ነው፤ ይኸውም ነዳጅ ፔዳሉ ምን ያህል እንደተረገጠ፣ ወደ ካምቢዮው የሚገባው ዘንግ በምን ፍጥነት እንደሚዞር፣ የሚወጣው በምን ፍጥነት እንደሚዞር፣ ዘይቱ ምን ያህል እንደሞቀ፣ መያዣው በየትኛው ፊደል ላይ እንዳለ ነው። አሽከርካሪው የሚሰማው የመኪናው ድንጋጤ (መናጥ) በዚህ ሰንሰለት በየትኛውም ቀለበት ላይ ሊጀምር ይችላል፤ ድንጋጤው የተሰማው ካምቢዮው ላይ መሆኑ ግን ሁላችንንም ወደ ብረቱ ይስበናል።

ከእናትዬዋ ቃል ውስጥ ከሁሉ በፊት የያዝኩት «አጥፍቼ ሳስነሳት ትመለሳለች» የሚለውን ነበር። ኮምፒውተሩ የማያምነው መረጃ ሲያገኝ ወይም አንድ ሶሌኖይድ ሲቋረጥበት፣ ካምቢዮውን ለመጠበቅ ሲል ማርሽ መቀየሩን ትቶ መኪናውን በአንድ ማርሽ ብቻ እንዲሄድ ያደርገዋል። ቁልፉ ጠፍቶ ሲከፈት ብዙ ጊዜ እንደገና ይሞክራል፤ ያ ችግር በዚያ ሰዓት ከሌለ እንደ ጤነኛ ይሠራል። የተቃጠለ ክላች ግን ቁልፍ ስለተዘጋና ስለተከፈተ አይድንም። ይህ ልዩነት ብቻውን ፍርድ አይሰጥም፤ ነገር ግን የምርመራውን ፊት ወደ ኤሌክትሪኩ ያዞረዋል፤ እኔም ደንበኛ ሲመጣ መጀመሪያ ከምጠይቃቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

የደንበኛውን ቃል ማድመጥ የምርመራው አካል መሆኑን አጥብቄ እናገራለሁ። ደንበኛው የሙያ ቃል ስለማያውቅ «ይመታል»፣ «ይንሸራተታል»፣ «ይቆልፋል» ሲል እርስ በርስ የተምታታ ሊመስለን ይችላል፤ እኛ ግን ቃሉን ትተን ሁኔታውን እንጠይቅ። ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ ነው ወይስ አንድ ሰዓት ከተነዳ በኋላ? ዝናብ ከዘነበ በኋላ ነው? ላቫጆ ገብቶ ሞተሩ ከታጠበ በኋላ ነው የጀመረው? ጠጠር መንገድ ላይ ነው ወይስ አስፋልት? ሌሊት መብራትና ማሞቂያ ሲበራ ይብሳል? ማንቂያ ወይም ቴፕ በቅርቡ ተገጥሞለታል? ሌላ ጋራዥ ከሠራው በኋላ ነው? እያንዳንዱ መልስ ወደ አንድ የተለየ ቦታ ይጠቁማል። ከላቫጆ በኋላ የጀመረ ብልሽት ሶኬት ውስጥ የገባ ውኃን ያስጠረጥራል። ሌሊት የሚብሰው ወደ ዲናሞና ወደ ማሳ ይመራናል። መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ በተቀየረ መኪኖች ላይ ደግሞ የሽቦው መስመር የተቀጠለበትን ቦታ አስቀድሜ እፈልጋለሁ፤ ቅጥያው በጥንቃቄ ያልተሠራ ከሆነ ከዓመታት በኋላ የሚነሳው ችግር እየመጣ የሚሄድ ዓይነት ነው። እናትዬዋ የነገሩኝ ሁኔታ አቀበትና የሰው ብዛት ነበር፤ ሁለቱም ማለት ሞተሩ ከፍተኛ ጉልበት የሚያወጣበት ሰዓት ማለት ነው። ቀደም ያሉት ጋራዦች ብቻቸውን ሜዳ ላይ ሲነዷት ምንም ያላዩት በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ በኋላ ቀላል የሚመስሉ፣ ነገር ግን ሳይታዩ የማይታለፉ ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ ዘይቱ ነው። የካምቢዮ ዘይት ሲሞቅ መጠኑ ስለሚያድግ በቀዝቃዛው የተለካ ልክ አያታምንም፤ መለኪያ ዘንግ ባላቸው የቶዮታ ካምቢዮዎች የሙቅ ምልክት የሚነበበው ዘይቱ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ሲደርስ፣ መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ ሞተሩ እየሠራ ነው። ዘይቱ ጥቂት ከጎደለ ሜዳ ላይ ምንም ላይታይ ይችላል፤ አቀበት ላይ ወይም ጠንከር ባለ መታጠፊያ ዘይቱ ወደ አንድ ወገን ሲሸሽ ፓምፑ አየር ይስባል፣ ግፊቱ ይወድቃል፣ ማርሹ ለቅጽበት ይለቅቃል። ቀለሙንና ሽታውን ተመልከቱ፤ የጠቆረና የተቃጠለ የሚሸት ዘይት ክላቹ መበላቱን ሲናገር፣ ወተት የተቀላቀለበት የሚመስል ሮዝ ዘይት ደግሞ ከራዲያተሩ ውኃ እንደገባበት ይናገራል። የዘይቱ ዓይነትም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። የቶዮታ ቲ ፎር እና ደብልዩ ኤስ የተባሉት ዘይቶች አንዱ በሌላው ቦታ የሚገቡ አይደሉም፤ በቀበቶ የሚሠራውን ሲቪቲ ካምቢዮ ደግሞ ተራ የአውቶማቲክ ዘይት ያበላሸዋል። «ቀይ ዘይት ሁሉ አንድ ነው» የሚለው ልማድ በከተማችን ስንት ካምቢዮ እንዳጠፋ ባየሁት መጠን ልቤ ያዝናል።

ሁለተኛው ኤሌክትሪክ ነው። ቆሞ ያደረ ጤናማ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ ሞተሩ ሲነሳ ከ13.5 እስከ 14.5 ባለው መካከል መሆን አለበት። ይህን ሁላችንም እንለካለን። ብዙዎቻችን የማንለካው ማሳውን ነው። መልቲሜትራችሁን በቮልት ላይ አድርጋችሁ አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ፣ ሌላውን በካምቢዮው አካል ላይ አኑሩ፤ ሞተሩ እየሠራ፣ መብራቱና ማራገቢያው በርተው ሳለ ንባቡ ከ0.1 ቮልት በላይ ከሆነ ማሳው ንጹሕ አይደለም። የዛገ ማሳ ያለበት መኪና ላይ ዳሳሾች የሚልኩት ምልክት ይዛባል፣ ኮምፒውተሩም በተሳሳተ መረጃ ትክክለኛ የመሰለውን ውሳኔ ይሰጣል። ይህን ለማየት አምስት ደቂቃ ይበቃል።

አሁን ወደ ኮዱ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ችግር ሲያገኝ ወደሚመዘግበው የብልሽት ምልክት፣ እንምጣ። ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአሜሪካ ለሚሸጡ መኪኖች ግዴታ የሆነው የምርመራ ሥርዓት ዛሬ በየጋራዣችን አለ፤ ግን አጠቃቀማችን ሊሻሻል ይገባዋል። ብዙዎቹ ርካሽ መመርመሪያዎች የሞተሩን ኮምፒውተር ብቻ ያነባሉ። ካምቢዮው የራሱ ኮምፒውተር ባለው መኪና ላይ እነዚህ መመርመሪያዎች ፒ 0700 የሚለውን ብቻ ያሳያሉ፤ ይህ ኮድ ደግሞ «የካምቢዮው ኮምፒውተር የሚናገረው አለውና እሱን ጠይቁ» ከማለት ውጪ ትርጉም የለውም። በፒ 0700 ምክንያት ካምቢዮ የወረደበትን መኪና በዓይኔ አይቻለሁ። ፒ 0715 የመግቢያውን ዘንግ ፍጥነት የሚለካውን ዳሳሽ፣ ፒ 0720 የመውጫውን፣ ፒ 0705 የመያዣውን ቦታ የሚነግረውን ስዊች፣ ፒ 0750 የመጀመሪያውን የማርሽ ሶሌኖይድ ይመለከታሉ። ነገር ግን «ዳሳሹን ይመለከታል» ማለት «ዳሳሹ ተበላሽቷል» ማለት አይደለም፤ ሽቦው፣ ሶኬቱ፣ ማሳውና ኮምፒውተሩ ሁሉ በዚያ ኮድ ሥር ናቸው። ኮዱ በተመዘገበበት ቅጽበት የነበሩትን የፍጥነት፣ የሙቀትና የጭነት ንባቦች ኮምፒውተሩ አብሮ ያስቀምጣል፤ «መቼ» ለሚለው ጥያቄያችን ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም። በወረቀት ሳይገለበጡ የሚሰረዙ ኮዶች ግን በዚህ ሙያ ውስጥ በየቀኑ የሚፈጸም ትልቅ ጥፋት ናቸው። የእናትዬዋ መኪና እኔ ጋ ስትደርስ ማኅደረ ትውስታዋ ባዶ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ተሰርዟል።

ባዶ ከሆነ ደግሞ ብልሽቱን ጠርተን ማምጣት አለብን። ሁለት ኩንታል እህል ከኋላ ጭነን፣ ረዳቴን መመርመሪያውን አስይዤ፣ እናትዬዋ ራሳቸው እየነዱ ወደ እንጦጦ ወጣን። እሳቸው እንዲነዱ ያደረግሁት ነዳጅ አሰጣጣቸው የሁኔታው አካል ስለሆነ ነው፤ ባለሙያ ከባለቤቱ በተለየ እግር ስለሚነዳ ብቻ ያልተገኙ ብልሽቶች ብዙ ናቸው። መመርመሪያው ላይ የመረጥናቸው ንባቦች አምስት ብቻ ነበሩ፤ የሞተር ዙር፣ የመግቢያ ዘንግ ዙር፣ የመውጫ ዘንግ ዙር፣ የታዘዘው ማርሽ እና የኮምፒውተሩ ቮልቴጅ። ሃያ ንባብ ባንድ ጊዜ የከፈተ ሰው እያንዳንዱን በሴኮንድ አንዴ እንኳን ላያይ ይችላል፤ እየመጣ የሚሄድ ብልሽት ደግሞ ከዚያ ባነሰ ጊዜ ውስጥ መጥቶ ይሄዳል።

እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ምክንያቱም እውነተኛ የክላች መንሸራተትን ከውሸት ምልክት የምንለየው በእነዚህ ቁጥሮች ነው። በብዙ ኮሮላዎች ላይ ያለውን ባለ አራት ማርሽ ካምቢዮ፣ ዩ 341 ኢ የሚባለውን እንውሰድ። የማርሽ ድርሻ የምንለው የመውጫው ዘንግ አንድ ጊዜ ሲዞር የመግቢያው ስንት ጊዜ እንደሚዞር ነው፤ የአንደኛው ማርሽ ድርሻ 2.847፣ የሁለተኛው 1.552፣ የሦስተኛው 1.000፣ የአራተኛው 0.700 ነው። የመውጫው ዘንግ በደቂቃ 1500 ጊዜ ሲዞር በሁለተኛ ማርሽ የመግቢያው 2328 መሆን አለበት፤ ወደ ሦስተኛ ሲቀየር ወደ 1500 ይወርዳል። ሁለተኛው ማርሽ የምር ከተንሸራተተ የመግቢያው ዙር ከ2328 በላይ ይወጣል፣ ሞተሩም አብሮት ይጮኻል፤ ሁለቱ የሞተሩን ኃይል በዘይት በኩል ወደ ካምቢዮው በሚያስተላልፈው ቶርክ ኮንቨርተር የተያያዙ ስለሆኑ አብረው ይነሳሉ። አሁን ሌላ ነገር አስቡ። የመግቢያው ዙር ንባብ ከ2328 ወደ ዜሮ ወርዶ በአንድ ሴኮንድ አንድ አሥረኛ ውስጥ ተመልሶ ቢመጣ፣ የሞተሩ ዙርና የመኪናው ፍጥነት ግን ንቅንቅ ባይሉስ? ያን ያህል ክብደት ያለው ብረት በዚያ ቅጽበት ቆሞ እንደገና ሊነሳ አይችልም፤ ቢቆም ኖሮ ተሳፋሪው ከመቀመጫው በወደቀ ነበር። የቆመው ዘንጉ ሳይሆን ምልክቱ ነው። እንዲህ ያለውን መስመር በመዝገብ ላይ ያየ ሰው ካምቢዮውን ትቶ ወደ ዳሳሹ ሽቦ መሄድ አለበት። ኮምፒውተሩ ግን ይህን እኛ ባሰብነው መንገድ ሁልጊዜ አይለየውም፤ የማርሽ ድርሻው ስለተዛባበት ፒ 0731 ወይም ፒ 0732 ጽፎ ክላቹን ሊከስስ ይችላል።

በእንጦጦው መንገድ ላይ ያየነው ከዚህ ትንሽ የተለየ ነበር። ከፍ ያለው መታጠፊያ ላይ ስንደርስ መኪናዋ ደነገጠች፤ ሁሉም የፍጥነት ንባቦች ሳይቆራረጡ በትክክል ተለወጡ፤ ማለትም ማርሹ የምር ተቀይሯል፣ ኮምፒውተሩ ያላዘዘው ሆኖ ሳለ። ወዲያው አንድ የሶሌኖይድ ዑደት ኮድ ተመዘገበ። ዳሳሾቹ እውነት ተናግረዋል፤ የተቋረጠው ትዕዛዙ ነው።

ጋራዥ ተመልሰን የሶሌኖይዱን ኦም (የኤሌክትሪክ ተቃውሞውን) ለካን። የእንዲህ ዓይነቱ ሶሌኖይድ ልክ በ20 ዲግሪ ከ11 እስከ 15 ኦም ሲሆን የእኛው 13 አነበበ። ረዳቴ «ደህና ነው» አለኝ። ወጣቶች ይህን ልብ በሉ፤ መልቲሜትር ኦም ሲለካ በሽቦው ውስጥ የሚያሳልፈው ኤሌክትሪክ እጅግ ጥቂት ነው። ሽቦው ከፕላስቲኩ ውስጥ ተበጣጥሶ በጥቂት ክሮች ብቻ ቢነካካ እንኳን ያ ጥቂት ኤሌክትሪክ ያልፋል፣ ንባቡም ያማረ ይሆናል። ሶሌኖይዱ ግን ሥራ ላይ ሲሆን አንድ አምፔር ገደማ ይፈልጋል። ሙቀትም አለ፤ መዳብ በእያንዳንዱ ዲግሪ ተቃውሞው 0.39 ከመቶ ስለሚጨምር፣ በ20 ዲግሪ 13 ኦም የነበረ ሶሌኖይድ በ100 ዲግሪ 17 ኦም ቢያነብ ጤነኛ ነው። ሲሞቅ ቀስ ብሎ መጨመሩ አያስፈራን፤ የሚያስፈራው በድንገት መዝለሉ ነው።

ስለዚህ ሽቦውን ከሁለቱም ጫፍ፣ ከኮምፒውተሩም ከካምቢዮውም፣ ነቅለን በዚያ ሽቦ በኩል ባለ 10 ዋት አምፖል አበራን። ይህን ስታደርጉ ሽቦው ከኮምፒውተሩ መነቀሉን ሁለት ጊዜ አረጋግጡ፤ አምፖል ወይም የባትሪ ኤሌክትሪክ በቀጥታ ወደ ኮምፒውተሩ ከገባ ያቃጥለዋል። ለመሞከርም ብላችሁ የሽቦውን ፕላስቲክ በመርፌ አትውጉ፤ በቀዳዳው የሚገባው እርጥበት ከዓመት በኋላ ሌላ እየመጣ የሚሄድ ብልሽት ይወልዳል። አምፖሉ ደምቆ በራ። ሽቦውን በእጃችን አንቀሳቀስን፤ አሁንም በራ። ከዚያ ከሞተሩ ሥር ክሪክ አግብተን፣ በመካከሉ እንጨት አድርገን፣ ሞተሩን በዝግታ አነሳነው። ጥቂት ጣት ያህል ከፍ ሲል አምፖሉ ደበዘዘ፣ ከዚያ ጠፋ።

ምክንያቱ ይህ ነበር። ሞተሩን የሚሸከመው አንዱ ጎሚኒ (የጎማ መደገፊያ) ተቀዷል። መኪናዋ ሰው ጭና አቀበት ስትወጣ ሞተሩ በጉልበቱ ኃይል ወደ አንድ ወገን ይጋደማል፤ የሽቦውን እሽግ ከአካሉ ጋር የሚይዘው ክሊፕ ቀድሞ ተሰብሮ ስለነበር እሽጉ በአንድ የብረት ጠርዝ ላይ ይወጠራል፤ ከውስጥ የተበጣጠሰው የሶሌኖይዱ ሽቦ ይለያያል። ሜዳ ላይ ሞተሩ ስለማይጋደም ሽቦው ይነካካል። ያገለገለው ካምቢዮ ለምን እንዳልረዳ አሁን ግልጽ ነው፤ ካምቢዮ ሲቀየር ከውጭ ያለው የሽቦ እሽግ የመኪናዋ ሆኖ እዚያው ይቀራል። ጥገናው አንድ ጎሚኒ፣ በእርሳስ ተበይዶ በትክክል የተሸፈነ አንድ ክንድ የማይሞላ ሽቦ እና አንድ ክሊፕ ነበር።

ሽቦ ሁልጊዜ ጥፋተኛ ነው አልልም። ኮምፒውተሩ ራሱ የሚታመምባቸው መኪኖች አሉ፤ ይህም በይፋ የታወቀ ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. ቶዮታ በአሜሪካና በካናዳ ከ2005 እስከ 2008 የተሠሩ 1.13 ሚሊዮን ያህል ኮሮላና ማትሪክስ መኪኖችን ለጥገና ጠርቷል፤ ምክንያቱም በሞተር ኮምፒውተሩ ሰሌዳ ላይ አንዳንድ የብየዳ ነጥቦች ሊሰነጠቁ ስለሚችሉ ነበር። ስንጥቁ ካስከተላቸው ችግሮች መካከል የማርሽ መምታት፣ የሞተር አለመነሳትና አልፎ አልፎም በጉዞ ላይ መጥፋት ይገኙበታል። ከ2001 እስከ 2003 በተሠሩ ራቭ ፎሮች ላይም እንዲሁ ከኮምፒውተሩ የሚነሳ የማርሽ መምታት ስለታየ ኩባንያው ለኮምፒውተሩ የሚሰጠውን ዋስትና አራዝሟል። የዚህን ትርጉም አስቡት፤ የተሰነጠቀ የብየዳ ነጥብ ሲሞቅ ይላቀቃል፣ ሲበርድ ይገናኛል። ደንበኛው «ከሰዓት በኋላ ይመታል፣ ጠዋት ደህና ነው» ሲል እውነቱን ነው። በዚህ ሁኔታ ኮምፒውተሩን በፀጉር ማድረቂያ በመጠኑ እያሞቁ ምልክቱ ይመጣ እንደሆነ ማየት ይቻላል፤ ኮምፒውተሩን ለመክሰስ ግን መጀመሪያ ኤሌክትሪክ የሚቀበልባቸው ሽቦዎችና ማሳው በጭነት ተፈትነው ንጹሕ መሆናቸው መታወቅ አለበት። ምልክቱን ችላ ብሎ መንዳት ደግሞ ጉዳት አለው፤ ኮምፒውተሩ ያላመጣጠነው ግፊት በየቀኑ የሚመታው ካምቢዮ በመጨረሻ የምር ይበላሻል።

የማርሽ ብልሽት የሚመስሉ፣ ግን ያልሆኑም አሉ። መኪናው በሰዓት 60 ወይም 80 ኪሎ ሜትር እኩል ሲሄድ ቶርክ ኮንቨርተሩ ይቆልፋል፣ ማለትም ሞተሩንና ካምቢዮውን በቀጥታ ያያይዛል፤ ፍሬን ሲነካ ደግሞ ይለቅቃል። የፍሬን መብራቱ ስዊች ካረጀና መንገዱ ሲያናውጠው ለቅጽበት ከተገናኘ ኮምፒውተሩ «ፍሬን ተነክቷል» ብሎ ኮንቨርተሩን ይለቅቃል፣ መልሶ ይቆልፋል፤ አሽከርካሪው ይህን ማርሽ እየዘለለ ነው ብሎ ያስባል። አንዱ ካንዴላ (ነዳጁን የሚያቀጣጥለው) ወይም ቦቢና (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው) ሲደክም በጭነት ላይ የሚፈጠረው መንቀጥቀጥም እንዲሁ ነው። እነዚህን ለመለየት ቶርክ ኮንቨርተሩ በቆለፈበት ፍጥነት የፍሬን ፔዳሉን መብራቱ እስኪበራ ብቻ ቀለል አድርጎ መንካት ነው፤ መንቀጥቀጡ ከቀጠለ ሞተሩን፣ ከቆመ ቶርክ ኮንቨርተሩን እንጠርጥር። ይህን ሙከራ ከኋላ መኪና በሌለበት መንገድ ብቻ አድርጉት።

ካምቢዮው መውረድ ያለበት ጊዜም አለ። ጠዋት በብርዱ ወደ ኋላ ወይም ወደ ፊት ለመያዝ ሁለት ሦስት ሴኮንድ የሚዘገይና ሲሞቅ የሚስተካከል ካምቢዮ፣ ብዙ ጊዜ የውስጥ ማኅተም ጎሚኒዎቹ ደርቀዋል። በተቃራኒው ሲበርድ ደህና ሆኖ ከዓባይ በረሃ አቀበት በኋላ፣ ከጎሐ ጽዮን ወይም ከደጀን ደጃፍ ሲደርስ የሚንሸራተት ካምቢዮ፣ ዘይቱ ሲቀጥን ግፊት የሚያፈስ የተበላ ቫልቭ ወይም ፓምፕ ሊኖረው ይችላል። በሁለቱም የዘይት ግፊት መለኪያ ገጥሞ ማየት የመፍታትን ውሳኔ ከግምት ያወጣዋል። የቫልቭ ቦዲው ሶሌኖይድ በጥቂት ብረት ብናኝ ሲያዝም ምልክቱ የኤሌክትሪክ ብልሽትን ይመስላል፤ ልዩነቱ ኮምፒውተሩ የኤሌክትሪክ ኮድ ሳይጽፍ የማርሽ ድርሻ ኮድ ብቻ መጻፉ ነው።

ስለ ክፍያም አንድ ነገር ልበል፤ ይህ ርዕስ ያለ እርሱ አይሞላምና። ደንበኛው ለዕቃ መክፈልን ለምዷል፣ ለምርመራ ሰዓት መክፈልን አልለመደም፤ እኛም ስላላስለመድነው ዕቃ እንቀይራለን። እኔ ሥራ ከመጀመሬ በፊት ምርመራው ስንት ሰዓት እንደሚወስድና ስንት እንደሚያስከፍል፣ ምንም ሳይገኝም ሊጠናቀቅ እንደሚችል በግልጽ እናገራለሁ፣ ያየሁትንም ሁሉ በወረቀት ጽፌ እሰጣለሁ። ያ ወረቀት ደንበኛው ወደ ሌላ ጋራዥ ቢሄድ እንኳን ምርመራው ከዜሮ እንዳይጀምር ያደርጋል። እናትዬዋ ለሁለተኛው ጋራዥ የከፈሉት ለእኔ ከከፈሉት ብዙ እጥፍ ነበር።

ጥገናው ካለቀ በኋላ ያለው ፈተና ደግሞ ብልሽቱ በታየበት ሁኔታ መሆን አለበት፤ ኮዱ ጠፍቶ ጋራዡን አንድ ጊዜ መዞር አይበቃም። ኮምፒውተሩ ባትሪ ከተነቀለ በኋላ የማርሽ አያያዙን እንደገና የሚማርባቸው መኪኖች ስላሉ፣ በመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች ትንሽ ሻካራ ቢሆንም ለፍርድ አንቸኩል። እኛም ሁለቱን ኩንታል መልሰን ጫንን፤ እናትዬዋ ነዱ፣ ረዳቴ አምስቱን ንባቦች ይዞ ተቀመጠ፣ ወደ እንጦጦ ሦስት ጊዜ ወጣን፣ ሦስት ጊዜ ወረድን። በመዝገቡ ላይ የታዘዘው ማርሽና የተያዘው ማርሽ ከታች እስከ ላይ አንድ ነበሩ። በሚቀጥለው እሁድ ማታ ስልክ ደውለው ልጆቻቸውን ይዘው ወጥተው መመለሳቸውን ነገሩኝ፤ ቀኑንና የኪሎ ሜትር ንባቡን ጠይቄያቸው በወረቀቱ ቅጂ ላይ ጻፍኩት።